እኛን ማን ጠየቀን?

ጊዜ የማይሽረው ቁስል የለም ይባላል። ውሸት ነው! አላመናችሁኝም? እንግዲያው ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ውጫሌ ላይ ውረዱና ሰው ከበዛበት ቡና ቤት ገብታችሁ «የኤርትራ ሬፈረንደም ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲኒው ሳይቀርብ ጠቡ ይቀርባል። አንዱ «ሸጡን!» ይላል። ሌላው «ምን መሸጥ አለ? ሕዝቡ ወስኖ ሄደ። ሠላሳ ዓመት ልጅ ገብረን ምን አተረፍን?» ብሎ ይመልስለታል። ሦስተኛው፣ ድሮ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረው ሰው፣ ክርክሩ ውስጥ አይገባም። ጣቱን እያጠፈ «ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ» ይልና ዝም ይላል።

የሦስቱም ነገር ሲጨመቅ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው። እኛን ማን ጠየቀን?

እኔ የሬፈረንደሙ እኩያ ነኝ። ድምፅ ሲሰጥ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። ያደግሁት ግን ይህንን ጥያቄ ከእንጀራ ጋር እየበላሁ ነው። አባቶቻችን በልቅሶ ቤት ያነሱታል፣ በሠርግ ቤት ያነሱታል፣ አረቄ ሲቀመስ ደግሞ አይነሣ! እኔም ጋዜጣ ላይ መጫር ከጀመርኩ ወዲህ ጉዳዩን በወሬ ሳይሆን በወረቀት ላየው ፈልጌ የቻልኩትን ያህል አገላብጫለሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

ድምፅ የተሰጠው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። «ይሁን» ያለው 1,100,260 ሰው፣ «አይሆንም» ያለው 1,822 ሰው ነበር። በመቶኛ 99.8 መሆኑ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የላካቸው ታዛቢዎች ምርጫው ነፃና ትክክለኛ ነበር ብለው ፈረሙበት። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚኖሩት ኤርትራውያን መካከል ደግሞ 57,466 ሰዎች «ይሁን» ሲሉ 204ቱ «አይሆንም» አሉ። (እነዚያ 204 ሰዎች እነማን ይሆኑ? ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሲኖሩ በሆዳቸው ይዘውት የኖሩት ነገር ምን ነበር? ብዙ ጊዜ ስለ እነርሱ አስባለሁ።)

አሁን ልብ በሉ። በሌላው ዓለም ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ሕዝብ ሲከፋፈል እናያለን። እንግሊዞች በ2008 ዓ.ም. ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ አንውጣ ብለው 52 ለ48 ተሰነጣጥቀዋል። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በምሳ ገበታ ላይ እስኪኮራረፉ ደርሰው ነበር። ኖርዌዮች ያንኑ ማኅበር እንግባ አንግባ ብለው አንዴ በ1965 ዓ.ም.፣ አንዴ በ1987 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥተው ሁለቱንም ጊዜ «አንገባም» ያለው ወገን በጥቂት አሸነፈ። በእነዚህ አገሮች የተሸነፈው ወገን ማን እንደሆነ ይታወቃል። ኮሮጆው ውስጥ ተቆጥሯል። ቁጥሩ 48 ከመቶ ነው ሲባል፣ መንግሥትም ወደደም ጠላም 48 ከመቶ የሚያህል ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት አለበት።

የእኛው ክፍፍል እንዲህ አይደለም። ኮሮጆው ውስጥ ክፍፍል አልነበረም ማለት ይቻላል። ክፍፍሉ ያለው ኮሮጆ በቀረበለትና ባልቀረበለት መካከል ነው። ከመረብ ወዲያ ያለው ተጠየቀ፣ መለሰ፣ ጨፈረ። ከመረብ ወዲህ ያለው ውጤቱን በሬዲዮ ሰማ። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ተሸንፈሃል ቢሉት አያምንም፤ ምክንያቱም አልተወዳደረም!

አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ ቦታ ላይ ይቆጡኛል። «የኤርትራን ነፃነት የሚወስነው የኤርትራ ሕዝብ እንጂ የአምባሰል ገበሬ ነው እንዴ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ዛሬ የኤርትራን ሕዝብ ድምፅ ቀዶ ይጣልልኝ የምል ሰው አይደለሁም። ሚሊዮን ሰው በአንድ ቃል የተናገረውን የማይሰማ ሰው ጆሮ የለውም። ለሰላሙ ቢባል ደግሞ ወሎ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከዚህ አገር ተመልምሎ ናቅፋ ተራራ ሥር የቀረው፣ መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የቀረው፣ የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ የቀረው ልጅ እናቱ መርዶ እንኳ በወጉ አልሰማችም። «ይብቃ፣ ይሂዱ» ያለ አባት ቢኖር ፈሪ ነው የምለው ልብ የለኝም።

ግን መጠየቅ ማለት ድምፅ መስጠት ብቻ ነው ያለው ማነው? ማስረዳትም መጠየቅ ነው። «ወገኖቻችን፣ ነገሩ እዚህ ደርሷል፤ የምናደርገው ይህን ነው፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አሰብን በተመለከተ እንዲህ ልንዋዋል ነው፤ እናንተ ዘንድ ያሉት ኤርትራውያን ዜግነታቸው እንዲህ ይሆናል፤ ወሰኑ በዚህ ያልፋል፤ ብራችን ይህ ይሆናል» ብሎ ውጫሌ ገበያ ላይ የቆመ ባለሥልጣን ነበር? አልነበረም። አሮጌዎቹን ሁሉ ጠይቄአለሁ፤ አንድም የሚያስታውስ የለም።

ይልቅስ የተደረገው ምንድነው? ከሰኔ 24 እስከ 28 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላምና የሽግግር ጉባኤ ተባለና ኢሕአዴግ የጠራቸው ድርጅቶች ተሰበሰቡ። ከአስመራ ሻዕቢያም በታዛቢነት መጣ። ጉባኤው የኤርትራ ጉዳይ በሬፈረንደም እንዲያልቅ ተቀበለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የተቀመጡት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ግን ይህ ስብሰባ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ የመወሰን ሥልጣን ከሕዝብ አልተሰጠውም ብለው ተቃወሙ። ለብቻቸው ነበሩ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ «እኛን ማን ጠየቀን?» የሚለውን ቃል በአደባባይ የተናገሩት እኚያ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ኋላ ላይ የደረሰባቸውን ታውቃላችሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ተባረሩ፣ ታሰሩ፣ ታመሙ፣ ግንቦት 1991 ዓ.ም. በሰው አገር ሞቱ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ተራ ደረሳቸው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በመጡበት ሰሞን ሬፈረንደሙን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። መልሱ ጥይት ሆነ። መንግሥት ራሱ ያመነው አንድ ተማሪ መሞቱን ነው። ብዙዎች ቆሰሉ፣ ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ቀን ደብዳቤ ተሰጥቷቸው ተሰናበቱ። ይኸውላችሁ ወገኖቼ፣ ለኢትዮጵያዊው የቀረበለት ኮሮጆ ይህ ነበር!

ሐዘን ካልተለቀሰ ቂም ይሆናል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «አታልቅሱ!» ብሎ ዱላ የሚያነሣ ሰው ሟቹን አስረስቶ ራሱን ነው የሚያስጠላው። አባቶቻችን አገር ሲከፈል ማልቀስ አማራቸው፤ ከለከሏቸው። «ትምክህተኛ» አሏቸው። «የደርግ ርዝራዥ» አሏቸው። እንባው ወደ ውስጥ ፈሰሰ።

ወደ ውስጥ የፈሰሰው እንባ በማን ላይ እንደወጣ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. አየነው።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ጦርነት ተነሣ። በወሩ ኤርትራውያንን ማባረር ተጀመረ። በሌሊት በር እየተንኳኳ፣ ባልና ሚስት እየተነጣጠሉ፣ ልጅ ለጎረቤት አደራ እየተባለ ከ70 ሺህ በላይ ሰው በአውቶቡስ ተጫነ። ከወዲያም በኩል የዚያኑ ያህል ኢትዮጵያዊ ተባረረ፤ ከአሰብ ወደብ ላይ ሲሸከም የኖረው የወሎ ልጅ ዕቃውን ጥሎ ባዶ እጁን መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ እስከ ዛሬ «የአሰብ ልጅ» የሚባል ሰው የማያውቅ ካለ እጁን ያንሣ።

ሰዎቹ ሲባረሩ የተሰጠው ምክንያት ምን እንደነበር ግን ብዙ ሰው ረስቶታል። «በሬፈረንደሙ ድምፅ ሰጥታችኋልና የውጭ ዜጋ ናችሁ» ነው የተባሉት። ልብ በሉ! በ1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ራሱ ፈቅዶ፣ ጣቢያ አስከፍቶ፣ «ኑ ድምፅ ስጡ» ያላቸውን ሰዎች ነው። ድምፅ ለመስጠት የኤርትራ ዜግነት መታወቂያ መያዝ ግድ ነበር። ያንን መታወቂያ ያወጡ ሰዎች የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን ይዘው፣ ግብር እየከፈሉ፣ የመንግሥት ሥራ እየሠሩ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም «ከሁለት አንዱን ምረጡ» ሳይላቸው ኖሩ። አንድ ቀን ጠዋት ያ ወረቀት ማስረጃ ሆኖ ወጣባቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ መለስ ዜናዊም ሐምሌ ወር ላይ በሬዲዮ ቀርበው፣ መንግሥት የዓይናችሁ ቀለም አላማረኝም ብሎ ቢያስወጣም መብቱ ነው የሚል አነጋገር ተናገሩ።

ሄግ ላይ የተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በሬፈረንደሙ ለመሳተፍ የተመዘገቡት ሰዎች የኤርትራን ዜግነት አግኝተዋል፣ የኢትዮጵያን ግን በዚያ ምክንያት አላጡም፤ ሁለቱንም ዜግነት ይዘው ነበር አለ። በጦርነቱ ጊዜ ለደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው ተለይተው የተባረሩትን በተመለከተ መንግሥት መብት ነበረው ቢልም፣ ከዚያ ውጭ ያሉትን ብዙዎች ዜግነት መግፈፉ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ሲወጣ ግን ሰዎቹ ከተባረሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

እዚህ ላይ የሚያሳፍረውን ነገር ሳልናገር ባልፍ ጋዜጠኛ አይደለሁም። መንግሥት ሲያባርር ሕዝቡ በሙሉ አላለቀሰም። ያለቀሰ አለ፤ ጎረቤቱን ጓዳው ውስጥ የደበቀ አለ፤ ዕቃቸውን ተረክቦ እስኪመለሱ የጠበቀ አለ። ነገር ግን «እሰይ! ነፃነት አላላችሁም?» ያለም ነበር። «እሰይ» ያለው ማን መሰላችሁ? አምስት ዓመት ሙሉ «እኛን ማን ጠየቀን?» ሲል የኖረው ሰው ነው። ያልጠየቁትን ባለሥልጣኖች ማግኘት ስላልቻለ ግድግዳ የሚጋራውን መካኒክ፣ ልጁን ያስተማረለትን መምህር አገኘ። አንዳንዱ የግል ጋዜጣም ቢሆን በዚያ ሰሞን ከመንግሥቱ ሬዲዮ ባልተለየ ድምፅ ሲያራግብ ነበር። ቂም እንዲህ ነው፤ ባለዕዳውን ሲያጣ ያገኘውን ይይዛል።

የእኛ ወገን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያወራው ሁሉ ደግሞ እውነት አይደለም። «የተጠየቁት ነፃነት ወይስ ባርነት ተብለው ነው» የሚለውን ስንቴ ሰምታችኋል? ወረቀቱ ላይ «ባርነት» የሚል ቃል አልነበረም። የተጠየቀው ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊት አገር እንድትሆን ትፈልጋለህ ወይ ነው። ትክክለኛው ወቀሳ ሌላ ነው። ሻዕቢያ ራሱ በ1973 ዓ.ም. ሬፈረንደም ይደረግ ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ሦስት ምርጫ ነበረው፤ ነፃነት፣ ፌዴሬሽን፣ ወይም ራስ ገዝ አስተዳደር። በ1985 ዓ.ም. ሲያሸንፍ ሁለቱ ምርጫዎች ከወረቀቱ ላይ ጠፉ። መልስ ከመስጠት በፊት ጥያቄ የመጻፍ ሥልጣን አለ፤ ጥያቄውን የጻፈ መልሱን ግማሽ ጽፎታል። እውነተኛ ወቀሳ እያለን በሐሰት መወንጀል ግን ራስን ማዋረድ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልመለስ። ውጫሌ ስንባል የምንኮራው በአንድ ነገር ነው፤ በአንቀጽ 17። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከዚህ ከተማ ቅርብ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ አፄ ምኒልክና የጣሊያኑ ኮንት አንቶኔሊ ባለ 20 አንቀጽ ውል ተፈራረሙ። አማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣሊያንኛው የግድ አደረገው። የዐድዋ ጦርነት በዚህ መጣ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ሆነ፣ ውሉም ተሻረ። ይህንን ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ትምህርት ቤት እያለን በቃላችን ወጥተነዋል።

አንቀጽ 3ን ግን ማን አስተማረን? አንቀጽ 3 የወሰን አንቀጽ ነው። አርአፋሌ፣ ሓላይ፣ ሰገነይቲና አስመራ በጣሊያን ወሰን ውስጥ ይሆናሉ ይላል። ዓዲ ነፋስና ዓዲ ዮሐንስም እንዲሁ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 4 ደግሞ የደብረ ቢዘን ገዳም ከነንብረቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ሆኖ ይቆይ ይላል። ያ ውል ሲፈረም ጣሊያን አስመራን ገና አልያዘም ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ነው የገባው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። አምባሰል ላይ፣ ከሐማሴን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሁለት ሰዎች ስለ አስመራ ፈረሙ። የአስመራን ገበሬ ማን ጠየቀው?

እንግዲህ ይኼ ነው ለእኔ እንቅልፍ የነሳኝ። «እኛን ማን ጠየቀን?» የሚለው የእኛ ጥያቄ መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው። መጀመሪያ ጥያቄው የተነሣው ግን በእኛ ላይ ነው፤ የተፈረመውም እኛው ደጃፍ ነው። ምኒልክን ለመውቀስ አይደለም፤ ጣሊያን ከጥር 1877 ዓ.ም. ጀምሮ ምጽዋ ተቀምጧል፣ አገሪቱ በረሃብ ተመትታለች፣ ንጉሡ አዲስ ናቸው። በቦታቸው ሆኖ ሌላ መንገድ ያገኝ የነበረ ሰው ካለ ይንገረን። የተጠየቀ ሰው አለመኖሩ ግን እውነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰንሰለት ቁጠሩት። ከዐድዋ በኋላ በ1892 ዓ.ም. ወሰኑ በመረብ፣ በበለሳና በሙና ተሰመረ፤ ማንም አልተጠየቀም። ኅዳር 1943 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ትቀላቀል ብሎ ወሰነ፤ አጣሪ ኮሚሽን ልኮ አስተያየት አሰባሰበ እንጂ ሕዝቡ ድምፅ አልሰጠም። ኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ የአስመራው ምክር ቤት በዙሪያው ጦር ተሰልፎ አጨበጨበ፤ ሕዝቡ ግን አልተጠየቀም። የሠላሳው ዓመት ጦርነት እሳት ከዚህ ብዙ ማገዶ አገኘ። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራዊው መቶ ዓመት ሲጠብቀው የነበረው ጥያቄ ቀረበለት፤ እኛ ተራችን ሆነና ሳንጠየቅ ቀረን። (ኤርትራዊውም ቢሆን ያን ቀን አንዴ ተጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ምርጫ የሚባል ነገር ዓይቶ አያውቅም። አንዴ ጠይቆ ሠላሳ ዓመት መዝጋት!)

የሚገርመው የሚያዝያ ወር ነገር ነው። የውጫሌ ውል በሚያዝያ፣ ሬፈረንደሙ በሚያዝያ። የድንበር ኮሚሽኑም ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ፈረደ። በዚያ ቀን መንግሥት በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በአቶ ሥዩም መስፍን በኩል ባድመ ለእኛ ተፈርዳለች ብሎ አበሰረን። ሰው ደስ አለው። ኋላ ሲጣራ ባድመ የተፈረደችው ለኤርትራ ነው! ኮሚሽኑ ያየው እነዚያኑ የ1892፣ የ1894 እና የ1900 ዓ.ም. ውሎች ነው። ልጁን ባድመ ላይ የቀበረ አባት ለምን እንደቀበረው እንኳ በትክክል አልተነገረውም።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እርቅ ሆነ ተባለ። ሰው በእንባ ተቃቀፈ፤ እኔም ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ ዓይኔን ጠርጌአለሁ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬና ዛላምበሳ ተከፈቱ። የእኛ የመኪና ባለቤቶች «አሰብ ተከፈተ!» ብለው ጎማ መለወጥ ጀምረው ነበር። ስለ ወደቡና ስለ ንግዱ ምን እንደተስማሙ ዝርዝሩ ለሕዝብ ሳይነገር፣ በሮቹ ከወራት በኋላ ተመልሰው ተዘጉ። ሲከፈት አልጠየቁን፣ ሲዘጋ አልነገሩን።

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ነገር በአደባባይ ሲያነሡ የመንደራችን ጎረምሶች ዓይናቸው በራ። የባሕር በር ያስፈልገናል? አዎ ያስፈልገናል፤ ይህን ያህል ሕዝብ ይዞ በአንድ የጅቡቲ በር መተንፈስ ከባድ ነው። ነገር ግን የአሰብ መንገድ የሚያልፈው በእኛው በወሎ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚህ መንገድ ሲያልፍ አይተነዋል፤ ደሴና ሐይቅ፣ ውጫሌና መርሳ የሆኑትን ሆነዋል። በአዲስ አበባ ስቱዲዮ ተቀምጦ «አሰብን እናስመልሳለን» የሚል ሰው መጀመሪያ እዚህ መጥቶ ይጠይቀን።

እስካሁን ያለፈውን ነው ያወራሁት። ብዕሬን ያስነሣኝ ግን የሚመጣው ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የፌዴራሉ መንግሥት የራያና የወልቃይት ጉዳይ ተፈናቃዮች ከተመለሱ በኋላ በሕዝበ ውሳኔ ይፈታል ብሏል። አላማጣና ኮረም ለውጫሌ ሩቅ አገር አይደሉም። ከ1983 ዓ.ም. በፊት የአንድ የወሎ ክፍለ ሀገር ሰዎች ነበርን፤ ኋላ ወደ ትግራይ ክልል ተካለሉ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ደግሞ ነገሩ እንደገና ተገለባበጠ። ከቆቦ አላማጣ ያልተጋባ፣ ከአላማጣ መርሳ ያልነገደ ቤት የለም። አማርኛውም ትግርኛውም እዚያ በአንድ ማጀት ይወራል።

ሕዝበ ውሳኔ ከጥይት ይሻላል፤ ስለዚህ በደፈናው አልቃወምም። የሲዳማው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲደረግ በሰላም አልቋል። የሲዳማው ግን አንድ ነገር ቀላል ነበር፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፣ «ይሁን» ያለው ከ98 ከመቶ በላይ ነው። ራያ እንደዚያ አይሆንም። ራያ እንደ እንግሊዞቹ ነው የሚሰነጠቀው፤ ያውም ጠመንጃ በየቤቱ ባለበት አገር። በእንግሊዝ 48 ከመቶው ተናዶ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። አላማጣ ላይ 48 ከመቶ የሚሆነው ሰው ሲናደድ ምን ያደርጋል? 52 ከመቶውስ አሸነፍኩ ብሎ በማግሥቱ ምን ያደርጋል? የ1990ውን መካኒክና መምህር እያሰብኩ ነው ይህን የምጠይቀው።

ስለዚህ እንደ አንድ የአምባሰል ሰው መንግሥት ቀን ከመቁረጡ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቀን የምፈልገው ነገር አለ። ድምፅ የሚሰጠው ማነው? በ1983 ዓ.ም. የነበረው? በ2013 ዓ.ም. የነበረው? ወይስ በዕለቱ የተገኘው? የተፈናቀለው ሳይመለስ ቢደረግ የማይቆጠር ሰው ሊኖር ነው፤ ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ተሸንፈሃል ቢሉት እንደማያምን ተናግሬአለሁ። ጥያቄውንስ የሚጽፈው ማነው? ምርጫው ሁለት ብቻ ነው ወይስ ሦስተኛ አለው? የድምፅ መስጫው መዝገብስ ከዚያ በኋላ የት ይቀመጣል? ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. በደስታ የተሞላ ፎርም በ1990 ዓ.ም. የመባረሪያ ማስረጃ ሆኗል። ራያ ላይ ማን ወዴት እንዳደላ የሚያሳይ አንድ ቁራጭ ወረቀት እንኳ ቢቀር፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ ተነሥቶ ከመሳቢያ ያወጣዋል።

የተሸነፈው ወገን ቤቱ፣ መሬቱ፣ ሱቁ፣ የልጁ የትምህርት ቋንቋ እንደማይነካ በሕግ ተጽፎ፣ በሁለቱም ክልል ምክር ቤቶች ጸድቆ፣ በአማርኛም በትግርኛም ታትሞ አላማጣ፣ ኮረም፣ ቆቦና ማይጨው ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ ይነበብ። ኮሮጆው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ይሁን። አዘጋጆቹ ይህን ማድረግ ጊዜ ይፈጃል ይሉ ይሆናል። ይፍጅ! ከመቶ ዓመት በላይ ስንቆይ ማን ቸኩሎልናል?